አይባችን ሳጥን አጥቷል፦ ለወሎ እንጨት ሠሪዎችና ለሚመለከታችሁ ሁሉ

ለደሴ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለሐይቅና ለአካባቢው እንጨትና ወንፊት ሠሪዎች፤ ለሙያ ማሰልጠኛ አስተማሪዎች፤ እንዲሁም የግብርና፣ የደንና የአነስተኛ ንግድ ሥራ ለሚመለከታችሁ መሥሪያ ቤቶች፤

እንደምን ከረማችሁ? ልጆች፣ ከብቱ፣ ሥራው ሁሉ ደህና ነው?

የምጠይቃችሁ ነገር መዳፍ ላይ የምታርፍ ናት። ክብ፣ ስስ፣ ቀለም ያልነካት፣ ክዳን ያላት የእንጨት ሳጥን። አይብ የማሽግባት። ደሴ ላይ አልጋ ብትሉ፣ ቁም ሳጥን ብትሉ፣ ኧረ የሬሳ ሳጥን ብትሉ ቶሎ ተሠርቶ ይወጣል። የአይብ ሳጥን የሚሠራ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ሰው በሰው እያጠያየቅሁ ከምዞር በአደባባይ ልጠይቅ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓይነት አይብ እሠራለሁ። አንደኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ለዘብ ባለ እሳት ይሞቃል፣ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ሁለተኛው ቅቤው ካልወጣለት ወተት የሚሠራ ነው። ወተቱ ሬኔት በሚባል ማርጊያ ይረጋል። ቀዳዳ ባለው ክብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲንጠፈጠፍ ያድራል። ጨው ይነሰነስበታል። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ጥቂት ሳምንት ይቀመጣል። ላዩን ነጭ ሻጋታ ያለብሰዋል፣ ውስጡ እየለሰለሰ ይሄዳል። የፈረንሳዩን ካማምበር የቀመሰ ሰው የምለው ይገባዋል። የደሴ ብርድ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጓዳዬ ግማሹን የፍሪጅ ሥራ ይሠራልኛል።

ስለ ሬኔቱ አንድ ነገር ልበል፣ ደንበኛ ሁሉ ስለሚጠይቀኝ። ድሮ ሬኔት የሚወጣው ከታረደ ጥጃ ጨጓራ ነበር። አሁንም ከዚያ የሚወጣ አለ። ወሎ ላይ ደግሞ «የማን እርድ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቃል፤ ቢጠይቅም አይፈረድበትም። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ከጥቃቅን ሕዋሳት የሚዘጋጀውን ነው። ሁሉም ከአንድ ገበታ ይበላል፣ እኔም እፎይ እላለሁ።

የወሎ ገበያ ደግሞ የራሱ በረከት አለው። ሌላ አገር አይብ ሠሪ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እዚህ ግን ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ይገዛል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ለአፍጥር የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚላወስ ሥራ ነው ማለት ነው። ወተት አለ፣ ገዢ አለ። የጎደለን ማሸጊያ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አይቡ ከቤት ሲወጣ ነው። ከአይብ ክብደት ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ፌስታል ውስጥ ስታስሩት ያልባል። ደሴ ላይ ነጭና ፍርፍር ያለው አይብ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲደርስ ከታች አጓት ተጠራቅሞበት፣ ከላይ ሚኒባሱ ውስጥ የሰው ዘንቢል አርፎበት፣ ጠፍጥፎ ይገኛል። አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት እንደሚሄድ የምታውቁ ታዝኑልኛላችሁ።

ሁለተኛው አይብ ጭራሽ ይብሳል። ነጩ ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ካደረጋችሁት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ነጩ ልብስ ይበጫል፣ ይሟልጫል፣ ከሥጋው ይላቀቃል። ክዳኑ ሲከፈት የአሞኒያ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንድ ሆቴል ያለ ሼፍ ዕቃውን ከፈተና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ምንም አላለኝም። መልሶ ከደነና ሰጠኝ። አይቡ ግን ውስጡ ደህና ነበር፤ የገደለው ፕላስቲኩ ነው።

እንጨት ይህን አያደርግም። ስስና ደረቅ እንጨት ትርፉን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል፣ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወጣል። አየር በመጠኑ ያስገባል። ለስላሳውን አይብ ቅርጹን ይዞ ያቆመዋል። በላይ በላዩ ሲደረደር ክብደቱን ሳጥኑ ይሸከማል እንጂ አይቡ አይደፈጠጥም።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ኖርማንዲ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ካማምበር የሚሠሩ ገበሬዎች የኔው ችግር ነበረባቸው። አይባቸውን በገለባ ላይ አድርገው ቅርብ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ ሩቅ ከሄደ ይበላሻል። በ1890 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከፖፕላር ዛፍ የምትሠራ ስስ ክብ ሳጥን መጣች። ስሙ ከዚህች ሳጥን ጋር የሚነሳው ሪዴል የሚባል መሐንዲስ ነው። ከዚያ በኋላ አይቡ ባቡር ተሳፍሮ ሩቅ ከተማ በደህና መግባት ጀመረ፣ ባሕርም ተሻገረ። ዛሬም «የኖርማንዲ ካማምበር» ተብሎ በሕግ በተጠበቀው ስም ለመሸጥ በእንጨት ሳጥን መታሸግ ግዴታ ነው። አይቡ 250 ግራም ያህል ነው፤ ወርዱ ከ10.5 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር። ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ የሚዋሰኑበት የጁራ ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ ለስላሳ አይብ አለ፣ ሞን ዶር ይሉታል። እሱን ገና ሲሠሩት ስፕሩስ ከሚባል የብርድ አገር ዛፍ በተላጠ የውስጥ ልጥ ወገቡን ያስሩታል፣ ከዚያ በዚያው እንጨት ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። የዛፉ ጠረን የአይቡ ጣዕም ሆኖ ቀርቷል። ለነገሩ እኛም ቅልን በወይራ አጥነን ወተት የምናረጋ ሕዝብ ነን። እንጨትና ወተት ለኛ እንግዳ አይደሉም።

ታዲያ ከውጭ አታስመጪም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ባዶ ሳጥን በአውሮፕላን? ክብደት የለውም፣ ቦታ ግን ይይዛል። ዶላሩ፣ ቀረጡ፣ ማጓጓዣው ሲደመር ሳጥኑ ከአይቡ ይበልጣል። አያዋጣም፤ እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

እዚህ መሠራት አለበት። ከምን ይሠራ? ይሄ ነው ዋናው ነገር፣ እንጨት የምታውቁ ሰዎች እንድትመክሩኝ የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ጽድ ሽታው ኃይለኛ ነው። ለልብስ ሳጥን ብል ያባርር ይሆናል፣ አይብ ውስጥ ግን ይገባል። የፈረንጅ ጽድም ቢሆን ያው ነው፣ ሙጫና ሽታ አለው። ባሕር ዛፍ በየጓሮው ሞልቷል፣ ርካሽ ነው። ግን ዘይቱ ይሸታል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እንደ ካርቶን ሳስቶ ክብ ይሁን ብትሉት እሺ አይልም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ጢሱ ይበቃናል። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ ሁላችሁም ትወዱታላችሁ። እኔ ግን ዋንዛ አልጠይቅም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እያለቁ ስለሆነ ነው። አንዴ ተበልቶባት ለምትጣል ሳጥን ሀገር በቀል ዛፍ ማስቆረጥ ነውር ነው። ግራቪሊያ በየእርሻው ዳር ተተክሏል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጣውላውም ቀላል ነው። ሆኖም ዱቄቱ የአንዳንድ ሠራተኛ ቆዳ እንደሚያሳክክ ይታወቃል። ምግብ ከማስነካታችን በፊት መፈተሽ አለበት።

ዓይኔን የጣልኩት አኻያ ላይ ነው። በየወንዙ ዳር የሚበቅለው፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ ወደ ውሃው ያዘነበለው ዛፍ። አኻያ የፖፕላር ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት አዋቂዎች አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚመድቧቸው። እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ጎላ ያለ ሽታ የሌለው ነው። ሲጎብጥ አይሰበርም። ደግሞ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ እርጥብ መሬት ላይ ብትሰኩት ይጸድቃል። ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ ክረምት በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ስንተክል የወንዝ ዳሩን ለአኻያ ብንሰጠው ደለል ይይዝልናል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ለሳጥን የሚሆን እንጨት ይሰጠናል። የደን ባለሙያዎች ሆይ፣ ይህን ለናንተ ነው የምለው። ችግኝ ጣቢያችሁ ውስጥ አንድ መደብ ለአኻያ ብትተዉ ምን ይላችኋል?

አሁን ወደ ሠሪዎቹ ልምጣ።

አንድ ጎበዝ እንጨት ሠሪ ዘንድ ሄጄ አስረድቼ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፣ ክፋት የለበትም። በቀጠሮው ቀን ስሄድ ሳጥኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ቫርኒሽ! ያውም ሁለት ጊዜ የተቀባ። «ጋሼ፣ ደረቁን ነበር እኮ ያልኩዎት» ብለው «እህቴ፣ እንዲህ ገርጥቶ ከቤቴ ቢወጣ ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሱ ሙያ ያልተቀባ ሥራ ያላለቀ ሥራ ነው። የኔ ሳጥን ግን ሲያምር ነው የሚበላሸው። ቫርኒሹ የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሽታውም አይቡ ላይ ይቀራል። ሌላው ያሳየኝ ናሙና በኮምፔንሳቶ የተሠራ ነበር። ለመቁረጥ ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም፣ አውቃለሁ። ግን ኮምፔንሳቶ ማለት በኮላ የተጣበቀ ስስ እንጨት ነው፣ እርጥብ ምግብ ከዚያ ኮላ ጋር ሳምንት እንዲያድር አልፈልግም። ቺፕውድም እንዲሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፣ ፓሌት። ደረቅ ወደቡና ፋብሪካዎቹ ባሉበት አካባቢ ያገለገለ ፓሌት በርካሽ ይገኛል፣ ጣውላውም ደረቅና ነጭ ነው። ያጓጓል። እባካችሁ ለምግብ አትጠቀሙት። ፓሌቱ ጎን ላይ የስንዴ ዛላ የመሰለ ምልክት ያለበት ማኅተም ታያላችሁ። ከአገር አገር የሚዞር የእንጨት ማሸጊያ ተባይ እንዳይሸከም የሚታከምበት ዓለም አቀፍ ደንብ ምልክት ነው። «ኤች ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለበት በሙቀት ታክሟል ማለት ነው። «ኤም ቢ» ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛም ጋዝ ታጥኗል። በሙቀት የታከመውም ቢሆን መንገድ ላይ ምን ኬሚካል እንደፈሰሰበት የሚያውቅ የለም። ለአጥር ይሁን፣ ለሶፋ ይሁን። ለአይብ አይሆንም።

ተስፋ የሰጡኝ ወንፊት ሠሪ አባት ናቸው። ገበያ ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ውሃ የጠጣ ስስ ስንጣቂ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ቀስ ቀስ እያሉ ያጎብጡታል። አይቸኩሉም። አውራ ጣታቸው ስንጣቂውን እየዳሰሰ ይሄዳል፤ ሊሰነጠቅ የሚፈልግበት ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ውሃ ያስነኩታል፣ ይቀጥላሉ። ሁለቱ ጫፍ ሲደራረብ በጠባብ ቀዳዳ ሰፍተው ያስሩታል። ሚስማር የለም፣ ኮላ የለም። የኖርማንዲው ሳጥን ጎኑ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ስስ ስንጣቂ ይጎብጣል፣ ጫፉ ተደራርቦ ይያያዛል። ያው ነው! «አባባ፣ ይህን ወንፊት አንሰው፣ ስንዝር ያልሞላ አድርገው ቢሠሩልኝስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄማ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ስንጣቂውን አነሱና በጣታቸው ለኩ። «ከታች ምን ልትዪው ነው? መረብ?» አሉኝ። መረብ ሳይሆን ስስ ጣውላ ነው አልኳቸው። አሰቡበት። «ጎኑን እኔ፣ ታችና ላዩን አናጢ» አሉ።

በቃ፣ መንገዱ ይሄ ነው። ጎኑን ወንፊት ሠሪ፣ ታችና ክዳኑን አናጢ። ሁለቱ ሙያዎች አንድ ገበያ ውስጥ እየዋሉ ተገናኝተው አያውቁም። እኔ ብቻዬን ሁለቱን እያመላለስኩ ላገናኛቸው አልችልም። እናንተ አሰልጣኞች ግን ትችላላችሁ። ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ስጧቸው። በእንፋሎት ማጉበጫ ገንዳ፣ አንድ ልክ ያለው የእንጨት ቅርጽ፣ ስንጣቂውን እኩል ውፍረት አድርጎ የሚልግ መላጊያ። ከዚህ የዘለለ ማሽን አይጠይቅም። አምስት ወጣት ተደራጅቶ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ለአይብ ብቻ አይቀርም። ማር፣ ቴምር፣ ቅመም፣ የቡና ስጦታ ይታሸግበታል።

ለመሥሪያ ቤቶች የምለው አለኝ። አንድ ቢሮ ሄጄ ስለ እንጨት ሳጥን ስጠይቅ «እንጨት ንጽሕና የለውም፣ ፕላስቲክ ተጠቀሚ» ተባልኩ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ወደ ሌላ ቢሮ ተላክሁ፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። የሥጋቱ ምክንያት ይገባኛል። እንጨት ቀዳዳ አለው፣ አጥቦ ደጋግሞ መጠቀም ያስቸግራል። ስለዚህ ሳጥኗ ለአንድ ጊዜ ብቻ ናት፣ ታጥባ ተመልሳ አይብ አይገባባትም። ከአንዴ አገልግሎት በኋላ ወይ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች ወይ ምድጃ ትገባለች። ደረቅ እንጨት ግን በራሱ ጠላት አይደለም። ላዩ ላይ ያለውን እርጥበት ይስባል፣ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ እርጥበት አይራባም። ይህ ክርክር በአሜሪካም ተነስቶ ነበር። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አይብን በእንጨት ጣውላ ላይ አስቀምጦ እስኪደርስ ማቆየትን የሚነቅፍ ነገር ተናገረ። አይብ ሠሪዎቹ ጮኹ። በቀናት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ «አልከለከልንም» ብሎ አስታወቀ።

እኛ ዘንድ ደግሞ በ2017 የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። አሪፍ ነው፣ ደግፌዋለሁ። ግን ፌስታሉ ሲቀር አይብና ቅቤ የምታወርደው ገበሬ ሴት በምን ትያዘው? በኮባ ቅጠል የሚጠቀልሉ አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ለሰፈር ገበያ ይሆናል። ራቅ ላለ ገበያና ለሆቴል ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል። መከልከሉን ሠርታችኋል፤ ምትኩን አብረን እንሥራ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ምግብ የሚነካ እንጨት ምን መሆን እንዳለበት የምትገልጽ አንዲት ገጽ መመሪያ አውጡልን። ያልተቀባ፣ በኬሚካል ያልታከመ፣ በደንብ የደረቀ፣ ሻጋታና ምስጥ ያልነካው፣ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት። ከዚህ የበለጠ አትጻፉ፣ ከበዛ ማንም አያነብበውም። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። አኻያንና ግራቪሊያን ወስዳችሁ እርጥብና ኮምጣጣ አይብ ሲነካቸው ምን እንደሚለቁ፣ ሽታቸው ወደ አይቡ ይግባ አይግባ ፈትሹልን። አይቡን እኔ አቀርባለሁ፣ በነጻ።

አይብ ለምትሠሩ እህቶቼም አንድ ቃል። ትኩስ አይብ እንደወረደ እንጨት ውስጥ አይገባም። ሳጥኑ ይረሰርሳል፣ ይሻግታል። መጀመሪያ በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ስቀሉት፣ አጓቱ እስኪቆም ይንጠብጠብ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት ዘርግታችሁ አስገቡት። እንዲያም ሆኖ ሳጥን አይቡን ከሙቀት አያድነውም፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ብቻዬን ባዝዝ ማንም ሠሪ መላጊያውን አያነሳም። አብረን ካዘዝን ግን ዋጋውም ይወርዳል፣ ሠሪውም ሥራዬ ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ያላችሁ ብቅ በሉ፣ በአንድ ልክ እንስማማ።

ልኩን እነሆ። ውስጡ ከጎን እስከ ጎን 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል። ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር። ጎኑ ከ2 ሚሊ ሜትር አይወፍር፣ ታችና ክዳኑ 3 ቢሆን ይበቃል። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ፣ አየር ይግባ። ጎኑ በክር ወይም በማይዝግ ሽቦ ይያያዝ። ኮላ፣ ቫርኒሽ፣ ቀለም የለም። ዘይት እንኳ አይነካው። እንጨቱ ጥላ ውስጥ የደረቀ ይሁን። በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ከተደረገ በቂ ነው፣ ሻካራነቱ ቢቀር አልከፋም።

ናሙና ለሚያመጣልኝ የናሙናውን ዋጋ ወዲያው እከፍላለሁ፣ ባይሆንም። ከሆነ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ እሰጣለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ስማችሁንና የሱቃችሁን ቦታ ክዳኑ ላይ በጋለ ብረት አትሙ። ቀለም ስለሌለው አይቡን አይጎዳም፣ ሌላውም ሰው የት እንደሚያሠራ ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ አይብ ሠሪ